«አይከፍትም» የተባለ ቪዲዮ፦ ቅርጸት ከመለወጥ በፊት ሊመረመር የሚገባው

በአያትና በዙሪያው ባሉ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች የሠርግ ቪዲዮ ዛሬ በብዛት ለባለቤቱ የሚደርሰው በፍላሽ ነው። ፍላሹ በቀራጩ ኮምፒዩተር ላይ ያለ እንከን ይከፈታል፤ ቤት ደርሶ ከቴሌቪዥኑ ወይም ከዲሽ ሪሲቨሩ ጋር ሲሰካ ግን ምስሉ ያለ ድምፅ፣ ድምፁ ያለ ምስል ይመጣል፤ አንዳንዴም ፋይሉ ከነጭራሹ አይከፈትም። የተለመደው መፍትሔ ቪዲዮውን ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ቅርጸት መለወጥ ነው። ይህ ችግሩን ብዙ ጊዜ ቢያስወግድም ሳያስፈልግ የሚከፈል ዋጋ አለው፤ ምስል እንደገና በተጨመቀ ቁጥር ከጥራቱ ይቀንሳል፣ የቀነሰውም ተመልሶ አይገኝም።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከስያሜው ነው። ኤምፒ4፣ ኤምኬቪና ኤቪአይ የመያዣ ስሞች እንጂ የምስል መጭመቂያ ስልት ስሞች አይደሉም። በአንድ መያዣ ውስጥ ምስሉ፣ ድምፁና የግርጌ ጽሑፉ በየራሳቸው መንገድ ተቀምጠው ይገኛሉ። ሁለት ፋይሎች እኩል «ኤምፒ4» ቢባሉም፣ የአንዱ ምስል እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ኤች.264፣ የሌላው ደግሞ በ2013 በወጣው ኤች.265 የተጨመቀ ሊሆን ይችላል፤ ቆየት ያለ ቴሌቪዥን የመጀመሪያውን ከፍቶ ሁለተኛውን ቢተው አያስደንቅም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ እንደ ሚዲያኢንፎ ባለ ነፃ ፕሮግራም የፋይሉን ውስጥ ማየት ይገባል። ያልተስማማው መያዣው ብቻ ከሆነ ምስሉንና ድምፁን እንዳሉ ወደ ሌላ መያዣ ማዛወር ይበቃል፤ ሥራው ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል፣ ጥራትም አይነካም። ያልተስማማው ድምፁ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዲቲኤስ ከሆነ፣ ምስሉ ሳይነካ ድምፁ ብቻ ወደ ኤኤሲ ይለወጣል። ምስሉን እንደገና መጭመቅ የሚያስፈልገው መሣሪያው የምስሉን መጭመቂያ ወይም ባለ 10 ቢት ቀለሙን ማንበብ ሲሳነው ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ነፃ መሣሪያ ሦስቱንም ይሠራል።

ከቅርጸት ጋር ጨርሶ የማይገናኝ ችግርም አለ። ብዙ ፍላሾች የሚዘጋጁበት ፋት32 የተባለ የአደረጃጀት ስልት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። በሴኮንድ 8 ሜጋቢት የሚፈጅ ቪዲዮ 71 ደቂቃ ገደማ ላይ ከዚህ ወሰን ይደርሳል፤ የሦስት ሰዓት ሠርግ ደግሞ 11 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ፋይሉን ሳይጨምቁ መከፋፈል ከሁሉም የቀለለ ነው።

በአዲስ አበባ የመብራት መቋረጥም የሚታሰብበት ጉዳይ ነው። ኤምፒ4 ማውጫውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው በሥራው መጨረሻ ስለሆነ፣ ልወጣው መካከል ላይ ቢቋረጥ የሰዓታት ድካም የማይከፈት ፋይል ሆኖ ይቀራል። ኤምኬቪ ግን እስከ ተቋረጠበት ድረስ ያለው ይነበባል። በዚህ የተነሣ ረጅም ሥራን መጀመሪያ በኤምኬቪ አውጥቶ ኋላ ወደ ኤምፒ4 ማዛወር የተሻለ ጥንቃቄ ነው።

ድምፅና ከንፈር ሲለያዩ መለየት ያለበት ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ነው ወይስ እያደገ ይሄዳል የሚለው ነው። እኩል ከሆነ ድምፁን በዚያው መጠን ማስቀደም ወይም ማዘግየት ያርመዋል። እያደገ ከሄደ ስሕተቱ በፍሬም ፍጥነቱ ላይ ነው። በሴኮንድ 29.97 ፍሬም ያለው ቪዲዮ 30 ተደርጎ ቢቆጠር በአንድ ሰዓት 3.6 ሴኮንድ፣ በሦስት ሰዓት ከ10 ሴኮንድ በላይ ይዛነፋል፤ ካህኑ ቃል ኪዳኑን ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ድምፃቸው ይሰማል እንደ ማለት ነው። የስልክ ካሜራዎች የፍሬም ፍጥነታቸውን እንደ ብርሃኑ መጠን ስለሚለዋውጡ፣ የስልክ ቅጂ ከመቀናበሩ በፊት ወደ ቋሚ ፍጥነት ሊመለስ ይገባል።

የቆዩ ካሴቶች ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ። ኢትዮጵያ የተጠቀመችበት ፓል 625 መስመርና በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ አሜሪካ የተጠቀመችበት ኤንቲኤስሲ 525 መስመርና 29.97 ፍሬም አለው። ቪዲዮው ዋሽንግተን ላለ ዘመድ ይላካል ተብሎ 25ቱን ወደ 29.97 መለወጥ ዛሬ ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ኮምፒዩተርና ስልክ ሁለቱንም ያጫውታሉና፣ ልወጣው እንቅስቃሴውን ከማንተክተክ ያለፈ ፋይዳ የለውም። ይልቅስ የካሴት ምስል እያንዳንዱ ፍሬም ተራ በተራ ከሚነበቡ ሁለት የመስመር ስብስቦች የተሠራ በመሆኑ፣ እስክስታ በሚወርድ ሰው ትከሻ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ይታያል። ይህ መስመር የምስሉ መጠን ከመቀየሩ በፊት መወገድ አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጥርሱ ከምስሉ ጋር ይዋሐድና ሊለይ አይችልም።

በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ላይ የሚገጥመው ችግር ደግሞ የራሱ ምልክት አለው። «ሰላም» የሚለው ቃል በቴሌቪዥኑ ላይ ሦስት ባዶ ሣጥኖች ሆኖ ከታየ መሣሪያው ጽሑፉን በትክክል አንብቧል፤ የጎደለው የግዕዝ ቅርጸ ፊደል ነው። ቃሉ እስከ ዘጠኝ የሚደርሱ እንግዳ የላቲን ምልክቶች ከሆነ ግን መሣሪያው ዩቲኤፍ-8ን እንደ ሌላ አጻጻፍ አንብቦታል ማለት ነው፤ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ነው ምልክቶቹ የሚበዙት። ይህኛው ብዙ ጊዜ በመሣሪያው ማስተካከያ ውስጥ ዩኒኮድን በመምረጥ ይፈታል። ሦስተኛው ዓይነት ከሁለቱም ይለያል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በተቀረጹ የአማርኛ መጻፊያዎች የተተየበ ጽሑፍ ውስጡ የላቲን ፊደል ነው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ዩቲኤፍ-8 ብሎ ዳግም ማስቀመጥ ምንም አይለውጥም፤ ፊደል በፊደል ወደ ዩኒኮድ መገልበጥ አለበት።

ቅርጸ ፊደሉ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ከሌለና ሊጫንም ካልቻለ ጽሑፉን በምስሉ ላይ ማተም ብቸኛው መንገድ ይሆናል፤ ምስሉን እንደገና መጭመቅም እዚህ ላይ ተገቢ ነው። ያኔም ቢሆን ጽሑፍ ያልታተመበት ዋናው ቅጂና የጽሑፉ ፋይል አብረው ተለይተው መቀመጥ አለባቸው፤ በምስል ላይ የታተመ የፊደል ግድፈት ሊታረም የሚችለው ከእነዚያ ብቻ ነውና።