ስለ ጋብቻና ስለ ሙሽራዪቱ ፈቃድ

ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው በያዮ፥ የቡናው ለቀማ አልቆ የሠርግ ወራት ሲደርስ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየቤቱ የሚከራከርበት አንድ ነገር አለ። ልጅን ዘመድ መርጦ ይዳረው ወይስ ራሱ ወዶ ያግባ? ዘመድ መዳር የአባቶች ሥርዐት፥ ወዶ ማግባት ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

መጻሕፍትን ለመረመረ ሰው ይህ አነጋገር አይጸናም። የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ፍለጋ በሄደ ጊዜ፥ የርብቃ ዘመዶች ነገሩን ከፈቀዱ በኋላ እንኳ እርስዋን ጠርተው ከሰውዬው ጋር ለመሄድ መውደድዋን ጠየቁ። ፍትሐ ነገሥትም በ24ኛው አንቀጹ ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ ጋብቻ እንደማይጸና ያዝዛል። በእስልምናም ዘንድ ለልጅቱ ዋሊ የሚባል ወኪል ይቆምላታል፥ መሐሩም የራስዋ ነው፤ ድንግል ሆና ስትጠየቅ ዝም ብትል ግን ዝምታዋ እንደ እሺታ ይቈጠራል።

የባሕር ማዶውም ታሪክ እንደሚባለው አይደለም። በፈረንሳይ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ በ1556 በአውሮጳ አቈጣጠር ባወጣው ዐዋጅ፥ ወንድ 30 ሴት 25 ዓመት ሳይሞላቸው ያለ ወላጅ ፈቃድ ቢያገቡ ወላጅ ከውርስ እንዲነቅላቸው ፈቅዶ ነበር። በጃፓንም ጋብቻ በሁለቱ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት የሚያዝዘው ሕገ መንግሥት የጸናው ገና በ1947 በዚያው አቈጣጠር ነው።

የኦሮሞ ባሕል ራሱ ሁለቱንም መንገድ ያውቃል። የከበረው ከዻ የሚባለው ነው፥ ልመና ማለት ነው፤ የወንዱ አባት ሽማግሌዎች ልኮ ልጅቱን ከአባቷ ያስጠይቃል፥ ሽማግሌዎቹም ሳይሰለቹ ይመላለሳሉ። አሴና በሚባለው ግን ልጃገረዲቱ ራስዋ ወደ መረጠችው ሰው ቤት ሄዳ ትገባለች፤ ቤተ ሰቡም እርስዋን መመለስ እንደ ነውር ስለሚቈጠርበት ተቀብሎ ከአባቷ ጋር ይታረቃል። ይህን ፈረንጅ አላስተማረውም።

እኛ የሽማግሌን ነገር አናቃልልም። ዘር ቈጥረው፥ ጠባይ መርምረው ያጋቧቸው ባልና ሚስት በተጣሉ ጊዜ የሚያስታርቅ አላቸው፤ ተደብቀው ወደ ከተማ የሄዱት ግን በክፉ ቀን ማንን ይጠራሉ? ነገር ግን ሽማግሌዎቹ የልጁን መሬትና ቡና ሲመረምሩ የልጅቱን ልብ ሳይጠይቁ የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ዝምታ ከእፍረትም ከፍርሀትም ይመጣልና፥ ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ማነው? ጕድለቱ ከቤተ ክህነትም አይርቅም፤ ዲያቆን ቅስና ሳይቀበል ማግባት ስለሚገባው ዘመድ ፈጥኖ ያጭለታል፥ የምትታጨውም አንዳንድ ጊዜ ገና ልጅ ናት። ቍርባን ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት እንደ ሰማንያ የሚፈታ አይደለም። ስለዚህ በያዮ ያለ ካህን ተክሊሉን ከማድረሱ በፊት፥ የጋብቻ መዝገብ የያዘውም ሹም ከማስፈረሙ በፊት፥ ልጅቱን ከዘመዶቿ ለይቶ ለብቻዋ ይጠይቃት። ከአንድ ሰዓት የማያልፍ ሥራ ነው።

ሕጉም ይህንኑ ይሻል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መተጫጨትን የሁለት ቤተ ዘመድ ውል አድርጎ፥ ሴቲቱ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ ጋብቻን በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ አቆመው፤ በኦሮሚያ የቤተ ሰብ ሕግም ዕድሜው ለሁለቱም 18 ነው። ፈቃዷን ፈጽሞ የማይጠይቀው ጠለፋ እንኳ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ማምለጫ ነበረው፤ ልጅቱ በኋላ ጠላፊዋን ወዳ ካገባች ክሱ ይቀር ነበርና፥ ሽማግሌ የሚላከው ከጠለፋው በኋላ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ይህን በር ዘግቶታል፤ ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ይታሰራል፥ ማግባቱም ከቅጣት አያድነውም።