የሐረማያ ሐይቅና የአውሮፓ ሙግት

በሐረር በር ገብተው ቀጥ ብለው ከተራመዱ ፈረስ መጋላ ይደርሳሉ። ትርጓሜው የፈረስ ገበያ ነው፤ ዛሬ ግን በፈረሱ ፈንታ የቆመው ባጃጅ ነው። ውድ አንባቢ፣ እዚህ አደባባይ ላይ ቆሞ ስለ አውሮፓ የውሃ ጭንቀት ማውራት ቅንጦት ይመስልዎት ይሆናል። ለእኔ ግን የአንድ ቤት ወሬ ነው።

ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የሐረማያ ሐይቅ ለብዙ ዘመን ይህችን ከተማ፣ አወዳይንና ሐረማያን ሲያጠጣ ኖሮ በ1996 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። ከተራቈተው ኮረብታ የታጠበው አፈር ሞላው፤ በዳርቻው የተተከለው የውሃ መሳቢያ ሞተርም ጠጣው። በበጋ ውሃ ያገኘ ጫት በውድ ይሸጣል። ስለዚህ ገበሬው ሞኝ አልነበረም፤ ሒሳቡን ያውቃል። የነዳጁን ይከፍላል፣ የውሃውን ግን ማንም አይጠይቀውም። ጎረቤቱም እንደዚሁ።

ዋጋውን የከፈለው ከተሜው ነው። በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር ከድሬዳዋ ወዲያ፣ ከሀሰሊሶ፣ የጕድጓድ ውሃ በቧንቧ እንዲመጣ ተደረገ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ግድም ናቸው። ውሃ በገዛ ፈቃዱ ዳገት አይወጣምና መብራት ሲጠፋ ቧንቧውም ይነጥፋል። መስመሩ በሚያልፍበት አገር ያለውም ሕዝብ ይጠማዋል፤ የኢኮኖሚው ነገር እንዲህ እያለ የጸጥታ ነገር ይሆናል።

አሁን ወደ ስፔይን እንሻገር። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት የውሃ ሕግ ወንዝና ሐይቃቸውን ሁሉ እስከ 2015 ወደ ደኅና ይዞታ ለመመለስ ቈርጠው ነበር፤ አልሆነላቸውምና ቀነ ገደቡ እስከ 2027 ተራዘመ። በደቡብ ስፔይን ዶኛና የሚባል፣ ከአፍሪካ የሚመላለሱ ወፎች የሚያርፉበት ረግረግ አለ። በዙሪያው እንጆሪ ይለማል፤ እንጆሪው ወደ ሰሜን አውሮፓ ገበያ ይጓዛል፤ ጕድጓዱ ብዙ ጊዜ ያለ ፈቃድ ይቈፈራል። በ2021 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በስፔይን ላይ ፈረደ። ከጥፋቶቿ አንዱ ምን መሰለዎት? ያለ ፈቃድ የሚቀዳውን ውሃ በሒሳቧ ውስጥ አለማስገባቷ!

ይህን ሳነብ የታየኝ የአወዳይ ጫት ተራ ነው። ኔዘርላንድ በ2013፣ ብሪታንያ በ2014 ጫትን ሲከለክሉ ያሳሰባቸው የቃሚው ጤናና ኑሮ እንጂ ቅጠሉ የጠጣው ውሃ አልነበረም። ያ የእኛ ፋንታ ነው።

ሐይቁ በቅርብ ዓመታት እንደገና ውሃ ይዟል፤ ደስ ይላል። እርስዎ ግን በወረዳ ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው መዝገብ የሚይዙ ከሆነ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ በዳርቻው ስንት ሞተር አለ? በቀንስ ስንት ሰዓት ይሠራል?