ከጃፓኖች ገበታ የሚገኝ ትምህርት

ምግብ ሥጋን ለመገንባት ብቻ የተሰጠ አይደለም፡፡ ሰው ከገበታ ሲቀርብ ትዕግሥትን ወይም ስስትን፣ ምስጋናን ወይም ማጉረምረምን፣ ለሌላው ማሰብን ወይም መሻማትን ይለማመዳል፡፡ ይህን ነገር አስበውበት ሥርዓት ካበጁለት ሕዝቦች መካከል ጃፓኖች ስለሚገኙበት፣ ልማዳቸውን መመርመር ለመምህራንና ለወላጆች ይጠቅማል፡፡

ጃፓናዊ ምግቡን ከመቅመሱ በፊት «ኢታዳኪማስ» ይላል፤ ትርጓሜውም «በትሕትና እቀበላለሁ» ማለት ነው፡፡ በልቶ ሲያበቃ ደግሞ «ጎቺሶሳማ» ብሎ ያመሰግናል፡፡ የዚህ ቃል ሥር «ወዲያና ወዲህ መሮጥ» ማለት ስለሆነ፣ ምግቡን ለማዘጋጀት የደከመውን ሰው ያስታውሳል፡፡ በየማዕዱ የሰውን ድካም ማስታወስ የለመደ ልጅ የሚያገለግለውን ሰው አይንቅም፡፡

ሁለተኛው ልማድ ልከኝነት ነው፡፡ ካይባራ ኤኬን የተባለው ሊቅ ዕድሜው ሰማንያ ካለፈ በኋላ፣ በ1713 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ዮጆኩን» የተባለውን የጤና አጠባበቅ መጽሐፍ ጽፎ፣ ሰው ፈጽሞ ሳይጠግብ ከገበታ እንዲነሣ መከረ፡፡ ሕዝቡም «ከሆድ ዐሥር እጅ ስምንቱን» የሚል አባባል አለው፡፡ ምክሩ ከሰውነት ጠባይ ጋር የሚስማማ ነው፤ የጥጋብ ስሜት ወደ አእምሮ የሚደርሰው ጥቂት ዘግይቶ ስለሆነ፣ ተጣድፎ የሚበላ ሰው ልኩን ሳያውቀው ያልፈዋል፡፡

ከሁሉ ይልቅ መምህራን ሊያስተውሉት የሚገባው የትምህርት ቤቱን ምሳ ነው፡፡ ይህ ሥራ በ1889 በጹሩኦካ ከተማ ለድሆች ልጆች ሩዝና ዓሣ በማብላት ተጀመረ፤ በ1954ም ሕግ ወጣለት፡፡ ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተረኞቹ ልጆች እጃቸውን ታጥበው፣ ነጭ ልብስና ቆብ አድርገው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ለጓደኞቻቸው ምግቡን ያድላሉ፡፡ መምህሩም በዚያው ክፍል አብሮ ይበላል፡፡ ለሁሉ ሳይዳረስ ማንም አይጀምርም፤ ከምግብ በኋላም ዕቃውን ሰብስበው የሚመልሱት ራሳቸው ናቸው፡፡ ተራው ለሁሉም ስለሚደርስ የሀብታሙም የድኻውም ልጅ ሌላውን ማገልገል ይማራል፡፡ ቁርስ የማይበሉና ለብቻቸው የሚበሉ ልጆች እየበዙ በመሄዳቸውም መንግሥቱ በ2005 ስለ ምግብ ትምህርት ሌላ ሕግ አወጣ፡፡

ይሁን እንጂ የጃፓኖች ገበታ ያለ ነቀፋ አይደለም፡፡ በጨው የሰነበተው አትክልት፣ የአኩሪ አተሩ መረቅና ሾርባው ብዙ ጨው አለባቸው፡፡ ጨው ደግሞ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፡፡ ስትሮክ የሚባለው የአንጎል ደም ሥር በሽታ ከ1951 እስከ 1980 ድረስ በዚያ አገር ከሞት ምክንያቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ቆይቷል፡፡ ይህ በሽታ በጸናበት በናጋኖ አውራጃ በጎ ፈቃደኞች፣ በተለይም ሴቶች፣ ከጤና ሠራተኞች ጋር ሆነው የየቤቱን ሾርባ ጨው እየለኩ ጎረቤቶቻቸውን አስተማሩ፡፡ በ2010 በተደረገው ስሌት የናጋኖ ወንዶችም ሴቶችም በዕድሜ ርዝመት ከአገሪቱ አውራጃዎች ሁሉ አንደኛ ሆኑ፡፡ ያም ሆኖ በአገሪቱ የአንድ ሰው የቀን ጨው ዛሬም ወደ 10 ግራም ይጠጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለአዋቂ ሰው ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፡፡

እንግዲህ ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፡፡ የጃፓንን ዓሣ ማስመጣት ወይም በሁለት እንጨት መብላት አያስፈልገንም፡፡ ነገር ግን መምህር ተማሪዎቹን በተራ እንዲያስታጥቡና እንዲያድሉ ቢያደርጋቸው፣ አባትም ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ቢበላና ያበሰለችውን በስሟ ጠርቶ ቢያመሰግናት፣ እናትም በወጡ ላይ የምትጨምረውን ጨው ጥቂት በጥቂት ብትቀንስ፣ ወጪ የለበትም፡፡ የአባቶችን ልማድ ማክበር መልካም ነው፤ ጤናን የሚጎዳውን ከውስጡ ነቅሶ ማውጣትም ያው ማክበር ነው፡፡