ጣሪያው ከቆመ በኋላ

በዚህ በተከበረው ወር ዘካችንን አስበን የምናወጣ ብዙዎች ነን። ዛሬ የማነሣው ከግጭት ሸሽተው ወደ ፈረሰ ቤታቸው ስለሚመለሱ ወገኖች ነው።

ከሸዋ ሮቢት አልፎ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኘውን አጣዬን እንውሰድ። በአካባቢዋ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አርጎባው ጎን ለጎን ይኖራሉ። በ2013 ዓ.ም. መጋቢት ወር ግጭት ተነሣ። በሚያዝያ፣ ረመዳን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከተማዋ በእሳት ወደመች፤ ሕዝቡም ልጁን አዝሎ ወጣ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ደረሰባት። በ2015 ዓ.ም. ጥር ደግሞ እንደገና ተኩስ ተከፈተ። ቤቱን መጠገን የጀመረው ሰው ዳግም ተሰደደ። የጸቡ ስም ብሔር ይሁን ሃይማኖት፣ እሳት ቤት ሲበላ አይመርጥም።

ከዚህ የምንማረው ቆርቆሮና ሚስማር ብቻውን ሰው እንደማያሰፍር ነው። ተመላሹ መተዳደሪያ ይፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያምነው ጎረቤት ይፈልጋል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ ስደተኞቹን ሙሃጅሮች ከአገሬዎቹ አንሷሮች ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) የሀብቱን እኩሌታ ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ሊያካፍል ቢነሣ፣ ዐብዱረሕማን በረከትን ተመኝቶለት ገበያው የት እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። እርጎ ደርቆ የሚሠራ አይብና ቅቤ እየነገደም ራሱን ቻለ። አንሷሩ ደጁን ከፈተ፣ ስደተኛው ክብሩን ጠበቀ።

አጣዬ አካባቢም ገበያ አለ። በሰንበቴ የእሑድ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛሉ። ከጥንት ጀምሮ እህል ከከብት፣ ጨርቅ ከጨው የተለዋወጠ ሕዝብ ነው። እናት ልጇን ያለ ስጋት ወደ ገበያ የላከች ዕለት፣ ያኔ ተፈናቃይ ተመለሰ ይባላል።

እኛ የፒያሳ ሰዎች ይህን አናጣውም። ሰፈራችን የቀድሞው የአራዳ ገበያ ነው፤ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብረው ይነግዱ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ነጩን ከአገሬው ለመለየት ሲያቅድ የአገሬውን ገበያ ወደ መርካቶ አዛወረ። ሰውን መለያየት የፈለገ ከገበያው ይጀምራል፤ ማገናኘት የፈለገም ከዚያው ይጀምር።

ታዲያ ምን እናድርግ? የዘካ ተቀባዮች በሱረቱ ተውባ 60ኛ አንቀጽ ስምንት ወገኖች ሆነው ተዘርዝረዋል። ተፈናቃይ እንደ ሁኔታው በድኻነት፣ በባለ ዕዳነት ወይም ከንብረቱ ተቆርጦ በቀረ መንገደኛነት ሊገባ ይችላል። ኢማም ነወዊ በአል-መጅሙዕ እንዳስረዱት፣ ለባለ ሙያ የሙያ መሣሪያው፣ ለነጋዴ መነሻው ከዘካ ይሰጠዋል። ስለዚህ ለልብስ ሰፊው የስፌት መኪና፣ ለገበሬው ዘርና በሬ መግዛት ይቻላል። ዘካን ከአንድ አገር ወደ ሌላ ስለመላክ ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ ሐነፊዎች የባሰ ችግር ላለበት ይፈቅዳሉ። የሚያመነታ ሰው የመስጊዱን ኢማም ይጠይቅ። ሰደቃ ግን ይህ ገደብ የለበትም፤ ቤቱ ለተቃጠለበት ክርስቲያን ጎረቤትም ይሰጣል።

ገንዘቡ ከሽማግሌ ጋር ይሂድ። በወሎና በአካባቢው አበጋሮች ደም የተቃባን የማስታረቅ የቆየ ልማድ አላቸው። ጣሪያ ከመቆሙ በፊት እነሱ ይቀመጡ፤ የተገፋው ይሰማ፣ የተዘረፈው ይካስ። ያልታረቀ ጎረቤት ባለበት የተሠራ ቤት ለሚቀጥለው እሳት ማገዶ ነው።

ዛሬ በኢፍጣር ሰዓት፣ የጾመኛ ዱዓ በማይመለስበት ጊዜ፣ ቤታቸውን ላጡ እጃችንን እናንሣ፤ ከዱዓው በኋላም ከኪሳችን እንጨምርበት። አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ጾማችንንም ይቀበለን። አሚን።