ሙቀትን የሚቆጥብ ቤት በጀርመን አገር

በጀርመን አገር ብርዱ ብርቱ በመሆኑ፣ ቤት የሠራ ሰው ከሕንፃው ዋጋ ሌላ በየዓመቱ የማሞቂያ ነዳጅ ወጪ ይጠብቀዋል። ይህን ወጪ ከሥሩ ለመቀነስ በዳርምሽታት ከተማ፣ ክራኒሽታይን በተባለው ሰፈር፣ አራት የተያያዙ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው በ1991 እ.ኤ.አ. ቤተ ሰቦች ገቡባቸው። የአሳቡ መሥራቾች ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቮልፍጋንግ ፋይስትና ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ቡ አዳምሶን ናቸው።

ዘዴው ሙቀትን አብዝቶ ማምረት ሳይሆን የተገኘውን አለማባከን ነው። ግድግዳውና ጣራው ሙቀት በማያሳልፍ ወፍራም ልባስ ተሸፈኑ፤ ለመስኮቶቹ ሦስት ተደራራቢ መስተዋት ተገጠመ፤ የሚወጣው አየር ሙቀቱን ለሚገባው ንጹሕ አየር የሚያስረክብበት መሣሪያም ተተከለ። ለእንዲህ ያለ ቤት የተወሰነው ልክ በዓመት ለአንድ ካሬ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ነው፤ ይኸውም ከአንድ ሊትር ተኩል ነዳጅ ጋር ይተካከላል።

ሆኖም ልባሱና መስተዋቱ በመጀመሪያ ተጨማሪ ገንዘብ ይጠይቃሉ። በመጋጠሚያው ላይ ክፍተት የሚተው ሠራተኛም ውዱን ዕቃ ከንቱ ያደርገዋል። ቤቶቹ ግን ከ25 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ በደኅና ሲያገለግሉ ተገኝተዋል።

ስለዚህ የሕንፃ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃው በዘመኑ ሁሉ የሚያስቀረውን ወጪ አስልቶ ለገዢው ቢያስረዳ፣ ሁለቱም ይጠቀማሉ።