ስለ ጨርቅ ቁራጭና ስለ መቁረጫ ልክ ጥቅም

በልብስ ሰፊ ቤት ወለል ላይ በየቀኑ የሚወድቀው የጨርቅ ቁራጭ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ መሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ይዘነጋል። ልብስ ሰፊው ጨርቁን ከነጋዴው በሜትር ሲገዛ፣ የከፈለው ዋጋ ለተሰፋው ቀሚስ ብቻ ሳይሆን ለተጣለው ቁራጭም ጭምር ነው። ይህ ቁራጭ ተለይቶ፣ በአንድ ልክ ተቆርጦ፣ እርስ በርሱ ተገጣጥሞ ቢሰፋ፣ ጥጥና ገበርም ቢደረግለት፣ የአልጋ ልብስ ወይም የሕፃናት መኝታ ሆኖ ለሽያጭ ይቀርባል።

በአገራችን ግን ከቁራጭ የተሰፋ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ድሪቶን ነው። ድሪቶ የችግር ልብስ ስለሆነ ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛው የለም። ነገር ግን ድሪቶን ከንግድ ዕቃ የሚለየው ከቁራጭ መሠራቱ አይደለም፤ ልክ ማጣቱ ነው። በድሪቶ ላይ ቀዳዳ በታየበት ሁሉ የተገኘው ጨርቅ ይጣፍበታል። ለገበያ በሚሰፋው የአልጋ ልብስ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ከጓደኛው ጋር እኩል መሆን አለበት። ይህንም እኩልነት የሚሰጠው የመቁረጫ ልክ ነው፤ ይኸውም ከካርቶን ወይም ከቀጭን ቆርቆሮ ተሠርቶ፣ በጨርቁ ላይ እየተቀመጠ ዙሪያው በጠመኔ የሚሰመርለት ነው። ልብስ ሰፊዎች ፓተርን ይሉታል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1718 የተሠራና እስከ ዛሬ የተጠበቀ የሐር የአልጋ ልብስ አለ፤ ቁራጮቹ የተዘጋጁት በወረቀት ልክ ላይ እየታጠፉ ነው። በአሜሪካም ኤቤኔዘር በተሪክ የተባለው ልብስ ሰፊ፣ በየመጠኑ የተለየ የወረቀት ፓተርን እ.ኤ.አ. በ1863 ለሽያጭ ማቅረብ ስለጀመረ፣ ልኩ ራሱ የንግድ ዕቃ ሊሆን በቅቷል።

የልክ ጥቅም በቁጥር ሲመረመር የበለጠ ይገለጣል። ወርዱ 1 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ የአልጋ ልብስ፣ ከተሰፋ በኋላ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ከሚሆን አራት ማዕዘን ቁራጭ ቢሠራ፣ 300 ቁራጭ ይፈልጋል። ለስፌት በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ስለሚተው፣ ካርቶኑ የሚቆረጠው በ11.2 ሳንቲ ሜትር ነው። ጠርዙ ተነሥቶ 112 ሳንቲ ሜትር ከሚቀረው ጣቃ በአንድ ረድፍ 10 ቁራጭ ይወጣል፤ ስለዚህ ለ300ው 3 ሜትር ከ36 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሠራተኛው በግምት 12 ሳንቲ ሜትር እያደረገ ቢቆርጥ ግን በረድፉ 9 ብቻ ስለሚወጣ፣ 4 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ያልቃል። በአንድ የአልጋ ልብስ 72 ሳንቲ ሜትር፣ በመቶው 72 ሜትር ጨርቅ ባከነ ማለት ነው።

ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ሲፈለግ የስፌቱ ትርፍ ይለያል። አራት ማዕዘኑን ለሁለት የሚከፍለው ሰያፍ ጎን ራሱ ስለሚሰፋ፣ ለ10 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ልክ ሁለቱ አጫጭር ጎኖቹ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆን አለባቸው። ይህን ያልተረዳ ሰው ሁሉንም በአንድ ትርፍ ቆርጦ፣ ጫፎቹ ሳይገናኙ ይቀሩበታል።

በሥራው ጊዜ ሊታሰቡ የሚገባቸው ነገሮች የሚከተሉት ናቸው። የጥጥ ጨርቅ በውኃ ስለሚሰበሰብ፣ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ በካውያ መተኮስ አለበት። የልኩ ጎን ከድሩ ወይም ከማጉ ጋር ትይዩ ሆኖ ይቀመጥ፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣልና። የካርቶን ልክ ደግሞ ጠመኔ እየዞረው ጠርዙ ይበላል፣ ማዕዘኑም ይዶለዱማል። ሁለት ሚሊ ሜትር ስሕተት ለብቻው ሲታይ ምንም አይመስልም፤ ነገር ግን 15 ቁራጭ በተሰፋበት ረድፍ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ አንድ የቆርቆሮ ልክ እንደ ዋና ተቀምጦ፣ የሥራው ካርቶን በየጊዜው በእርሱ እየተመሳከረ ይለወጥ። ሥራው ከመቀጠሉም በፊት አራት ቁራጭ ሁለት በሁለት ሆኖ ይሰፋ፤ ዙሪያው ገና ሳይሰፋ በየጎኑ 21.2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ልኩ ትክክል ነው።

የሥራው መነሻ ዕቃ በአካባቢው አይታጣም። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ከደረሰላት ጀምሮ የንግድ ከተማ ናት፤ በሐረር ጀጎልም መኪና ግርግር የተባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊ ባለበት ሁሉ ቁራጭ አለ። ከከተማው ውጭ በገጠሩ ክፍል፣ ለምሳሌ በቢዮ አዋሌ፣ አንድ የስፌት መኪናና ስለታም መቀስ ያለው ቤተሰብ ቁራጩን በኪሎ ገዝቶ ወስዶ፣ ከእርሻው ሥራ ጎን ሊሠራው ይችላል። ይሁን እንጂ በከተማ ያለው ገዢና በቢዮ አዋሌ ያለው ሠራተኛ የሚስማሙት ሁለቱም አንድ ልክ ሲይዙ ብቻ ነው። አለዚያ የመጣው ዕቃ አይገጥምም፤ ድካሙም ኪሣራውም የሠራተኛው ይሆናል።

እንግዲህ ባለሱቅ የሆነ ከክር፣ ከጠመኔና ለገበር ከሚሆነው አቡጀዲ ጋር የተዘጋጀ ልክ ቢሸጥ ይጠቀማል። ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴም ትእዛዝ ሲሰጥ ዋናውን የቆርቆሮ ልክ ከውሉ ጋር ቢያስረክብ፣ ዕቃው በመጣ ጊዜ ክርክር አይነሣም። ሚዛን ለእህል ነጋዴ እንደሆነ ሁሉ፣ ልክም ለጨርቅ ነጋዴ የመተማመኛ መሣሪያ ነው።