ጠገራው የሱቁን ገንዘብ ሲበላ

መርካቶ፣ ቆርቆሮ ተራ አካባቢ የቧንቧ ዕቃ የሚነግዱ አንድ የ58 ዓመት ሰው አሉ። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁ "ነጋዴው" እያልን እንቀጥላለን። በመደብራቸው መሳቢያ ውስጥ ሁለት ደብተሮች ይገኛሉ። ትልቁ የሱቁ ሒሳብ ነው። የትንሹ፣ ጠርዙ የተላላጠው የኪስ ደብተር ሽፋን ላይ ግን "ጠገራ" የሚል አንድ ቃል ብቻ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ትንሹ ደብተር የተከፈተው በትልቁ ላይ ጉድለት ከታየ በኋላ ነው።

ነጋዴው የድሮ ገንዘብ ይሰበስባሉ። ከአባታቸው በወረሷቸው 11 ጠገራ ብሮች ጀምረው የአፄ ምኒልክን ብርና አላድ፣ በ1936 ዓ.ም. የተቀረጸውን የብር 50 ሳንቲም፣ እንዲሁም የቀድሞ የወረቀት ኖቶችን አከሉበት። ለዓመታት ነገሩ ጉዳት አልነበረውም። በዓመት ሁለት ሦስት ፍሬ ይገዙ ነበር፤ ዋጋውም ከአንድ የምሳ ግብዣ አይበልጥም ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ነው። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሁሉ እጁን የሚያሳክከው ጊዜ ሆነ። ጠገራ የሚያመጡላቸው ደላላም ይህን አጥተውት አይደለም። "ከወረቀቱ ብር እውነተኛው ብር አይሻልዎትም?" ይሏቸው ጀመር። ነጋዴው ይህን ሲነግሩኝ ይስቃሉ። "ቃሉ ራሱ ይጥማል፣ ልጄ። በጆሮህ ገብቶ ኪስህን ይከፍተዋል" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ደላላው በመጡ ቁጥር የሱቁ መሳቢያ ይከፈት ነበር። ትልቁ ደብተር ላይ ሳይጻፍ፣ "ነገ እመልሰዋለሁ" ተብሎ የወጣ ገንዘብ ነው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ዕቃ የሚያቀርቡላቸው አስመጪ ደወሉ። ኮንቴይነር ገብቷል፣ በሦስት ቀን ውስጥ ገንዘቡን ገቢ ላደረገ ጥሩ ቅናሽ አለ፣ ላላደረገ ደግሞ ለሌላ ይሰጣል። ነጋዴው ሒሳባቸውን ሲያዩ ጎደላቸው። ጠገራዎቹን በፌስታል ቋጥረው ወደዚያው ወደ ደላላው ሄዱ። "በመስከረም የሸጠልኝን በኅዳር ብመልስለት ከከፈልኩት 60 በመቶውን እንኳ አልሞላልኝም" ይላሉ። ዕቃው ለጎረቤታቸው ሆነ። እስከ ገና ድረስ በሱቃቸው የ3/4 ቧንቧ መገጣጠሚያ አልነበረም፤ ደንበኞቻቸውም ሁለት በር አልፈው ይገዙ ነበር።

ነጋዴው ደላላውን አይከሱም፤ ይህ ጸሐፊም አይከስም። ደላላ በትርፍ ይኖራል። ችግሩ ያለው ሰብሳቢው በችርቻሮ ዋጋ ገዝቶ በጅምላ ዋጋ የሚሸጥ መሆኑ ላይ ነው። ቧንቧ የሚገዛ ነጋዴ ከመግዛቱ በፊት ለማንና በስንት እንደሚሸጥ ያውቃል። ያው ሰው ጠገራ ሲገዛ ግን ይህን ጥያቄ አያነሳም። ዕቃው ትርፍ ሊያስገኝ ይችላል፤ ነገር ግን በተፈለገበት ቀን ወደ ገንዘብ አይለወጥም። ለሥራ ማንቀሳቀሻ የሚሆን ገንዘብ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚፈለግበት ጠባይ በሚያስፈልግበት ቀን መገኘቱ ነው።

ሻጩ የሚያሳየውና የማይነግረው

በድንገት ለመግዛት ከሚገፋፉ ነገሮች ዋነኛው ሻጩ ጣቱን የሚያሳርፍበት "1780" የሚለው ቁጥር ነው። ለዋናው ፖስታ ቤት ቅርብ በሆነው፣ የቅርሳ ቅርስ ሱቆች ለረጅም ጊዜ በቆዩበት በቸርችል ጎዳና በኩል ያለፈ ሰው ይህን ያውቀዋል። "ከ240 ዓመት በላይ የሆነው ነው" ይባላል። እውነቱ ሌላ ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በስሟ የተቀረጸው ጠገራ ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጥቷል። በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይም ተቀርጿል። በአጠቃላይ ቁጥሩ ከ300 ሚሊዮን በላይ ነው። የኦስትሪያ የገንዘብ ማተሚያ ቤት ዛሬም እየቀረጸ ይሸጠዋል። ስለዚህ በእጅዎ ያለው ጠገራ የቅድመ አያትዎ ዘመን ሊሆን ይችላል፣ የልጅዎ እኩያም ሊሆን ይችላል። ዓመቱን አይቶ መለየት አይቻልም።

በቴምብርም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በ1886 ዓ.ም. በፓሪስ የታተሙ፣ ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ የሆኑ 7 ዓይነት ናቸው። ዕድሜያቸውን የሰማ ሰው ብዙ ለመክፈል ይዘጋጃል። ሆኖም የፖስታ ማኅተም ያላረፈባቸው ብዙ ስለቀሩ በዓለም ገበያ ብርቅ አይደሉም። ብርቅ የሚባሉት በኋላ ልዩ ልዩ ማኅተም የተጨመረባቸው ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ፎርጅድ የበዛባቸው ናቸው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲለወጡ አሮጌውን "ለወደፊቱ" ብሎ ያስቀረም አለ። የአንድ ነገር ዋጋ የሚመጣው ጥቂት ሲሆን ነው። ሁሉም ሰው ፍራሽ ሥር ያስቀመጠው ነገር እንዴት ጥቂት ሊሆን እንደሚችል አልገባኝም።

ታዲያ ዋጋን በምን መለካት ይቻላል? ለጠገራ ቢያንስ አንድ ወለል አለ። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን ንጥረ ብሩ ከሺህ 833 እጅ ነው። ይህም 23.4 ግራም ንጹሕ ብር፣ ማለትም 0.75 የትሮይ አውንስ ነው። ለስሌት እንዲመች የብር የዓለም ዋጋ በአውንስ 40 ዶላር፣ ዶላሩም 150 ብር ነው እንበል። (የዕለቱ ዋጋ አይደለም፤ አንባቢ የዕለቱን ይተካበት።) አንድ ጠገራ ውስጥ ያለው ብር 30 ዶላር፣ በእኛ 4,500 ብር ይሆናል። ሻጩ 9,000 ብር ካለ ከፊሉ ለብሩ፣ ከፊሉ ለታሪኩ መሆኑ ነው። ለታሪኩ መክፈል ነውር የለውም። ስንት እንደከፈሉ ሳያውቁ መክፈል ግን ሌላ ነገር ነው።

ወለሉም ቢሆን ይናወጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 በአውንስ 50 ዶላር አካባቢ ደርሶ የነበረው የብር ዋጋ በመጋቢት መጨረሻ ወደ 11 ዶላር ወርዷል። በዚያ ላይ የዓለም ዋጋ ሁልጊዜ የእኛ ዋጋ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። "ውጭ አገር ይህን ያህል ያወጣል" የሚል ደላላ ሲመጣ ዕቃው እንዴት እዚያ እንደሚደርስ መጠየቅ ይገባል።

የአምስት ሰው እቁብ

ነጋዴው መሰብሰቡን አልተዉም። ባለቤታቸው እንዲተዉ ቢጠይቋቸውም እምቢ አሉ። ነገር ግን ባለቤታቸው ያቀረቡትን ሁለተኛ ሐሳብ ተቀበሉ። "እቁብ ግባበት" ነበር ያሏቸው።

እንደ እሳቸው ጠገራና ቴምብር የሚሰበስቡ አምስት ሰዎች ተሰባስበው በወር 3,000 ብር ይጥላሉ። ዕጣ የደረሰው 15,000 ብሩን ይወስዳል፤ የሚፈልገውን ይገዛበታል። እንደማንኛውም እቁብ ዳኛና ጸሐፊ አለው። ከዚህ ገንዘብ ውጪ ማንም ለስብስቡ አንዲት ሳንቲም አያወጣም። ወጪ ያደረገ ሰው ከታወቀ የሚቀጥለው ዕጣው ወደ መጨረሻ ይገፋል።

ይህ አሠራር ከተራ በጀት የሚበልጥበት ምክንያት አለው። በደብተር ላይ "በወር 3,000 ብር" ብሎ የጻፈ ሰው ደላላ ሲመጣበት ደብተሩን ለመርሳት ምንም አይቸግረውም። የእቁብ ገንዘብ ግን ከአምስት ወር በአራቱ እጁ ላይ የለም። ሌላው ጥቅም ምርጫ ማስገደዱ ነው። 15,000 ብር ይዞ የሚገዛ ሰው ሦስት ተራ ጠገራ ወይም አንድ ጥሩ የምኒልክ ብር ከሚለው ላይ ይወድቃል። ሦስት ሺህ ሦስት ሺህ እያለ ሲገዛ የነበረ ሰው ይህን ጥያቄ ገጥሞት አያውቅም።

ጉድለትም አለው። የመጨረሻ ዕጣ የደረሰው ዋጋው ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል። ገንዘቡ እጁ የገባለት ሰው ደግሞ በዚያው ቀን ካላጠፋው እንቅልፍ የማይወስደው ይመስላል፤ ይህም ያው የድንገት ግዢ በወፍራሙ ነው። ነጋዴው ለዚህ መላ አላቸው። ዕጣ ከደረሳቸው በኋላ 10 ቀን ምንም አይገዙም፤ ለብቻው በተከፈተ የባንክ ደብተር ያስቀምጡታል። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ "ለማይገኝ ዕቃ" ከእቁቡ ውጪ እንዲገዙ ለራሳቸው ፈቅደዋል። በዚህኛው አልተስማማንም። የማይገኝ ዕቃ በየሳምንቱ የሚገኝበት ገበያ ነው እኮ፣ ጋሼ፣ ብያቸው ነበር። "አንተ ሰብስበህ አታውቅም" አሉኝ።

3,000 ብሩ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ ይሳሳታል። ብዙዎች የሚለኩት ከሽያጭ ነው። የዕለቱ ሽያጭ 80,000 ብር ሆኖ ያመሸ ሰው 5,000 ብር ትንሽ ይመስለዋል። ነገር ግን ከ80,000ው አብዛኛው የዕቃው መተኪያ፣ የኪራይ፣ የግብርና የሠራተኛ ነው። ነጋዴው ከጥር 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለራሳቸው የወር ደመወዝ ቆርጠዋል። 60,000 ብር ነው። ለጠገራ የሚወጣው ከዚያ ደመወዝ 5 በመቶ ነው፤ ከሱቁ መሳቢያ ምንም አይወጣም። ገበያው ሲደራ በጀቱ አያድግም።

የምጣኔ ሀብት ትምህርት ላይ ገንዘብ ገንዘብ ነው፣ ከየትኛውም ኪስ ቢወጣ ለውጥ የለውም ተብለን ነበር። ይህን የሞገተው፣ ሰው ገንዘቡን በልቡ በየሒሳቡ ከፋፍሎ እንደሚይዝ ያሳየውና እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ያገኘው አሜሪካዊ ሪቻርድ ታለር ይባላል። "ታለር" ደግሞ የጠገራ ብር የአውሮፓ ስሙ ነው። የመርካቶ እናቶች ግን የጤፉን ገንዘብ በአንድ መሐረብ፣ የእቁቡን በሌላ መሐረብ መቋጠርን ከማንም ሽልማት በፊት ያውቁታል።

መሐረብ መፍታት ጊዜ ይወስዳል። አሁን የሚያሳስበኝ ይህ ጊዜ መጥፋቱ ነው። ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን ለኳስ ጨዋታ ትኬት በድብቅ ዋጋ አጫርተው ነበር። በክሬዲት ካርድ የሚከፍሉት በጥሬ ገንዘብ ከሚከፍሉት እስከ እጥፍ የሚደርስ ዋጋ አቀረቡ። እኛ ዘንድ ክሬዲት ካርድ ባይስፋፋም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር አለ። ደላላው የሳንቲሙን ፎቶ በስልክ ይልካሉ፣ ገዢው ጣቱን ይነካል፣ ገንዘቡ ሄደ። ነጋዴው ከቴሌብር ለስብስቡ መክፈል አቁመዋል። ባንክ ሄደው፣ ወረፋ ይዘው፣ በወረቀት አውጥተው ይከፍላሉ። "ወረፋው ላይ ሆኜ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ" ይላሉ።

ይህን ስንጨዋወት ስልካቸው ጮኸ። ደላላው ነበሩ። የ1889 የምኒልክ ብር፣ ጠርዙ ያልተነካ፣ ዛሬ ካልሆነ ሌላ ፈላጊ አለ። ነጋዴው ትንሹን ደብተር ገልጠው ጣታቸውን በስሞቹ ላይ አወረዱ። የእሳቸው ዕጣ ሦስተኛ ላይ ነበር።

"ስንት ይላል?" ብዬ ጠየቅኋቸው ስልኩን ሲዘጉ።

"አልጠየቅሁትም" አሉና ለደንበኛ የ3/4 መገጣጠሚያ ሊቆጥሩ ተነሡ።